ብርዱን ይልመደው?



ኅዳርና ታኅሣሥ በእኛ በጉለሌ በኩል ቀልድ አያውቁም። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ የእንጦጦ ብርድ ቁልቁል ይወርድና ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ሰዉን ሁሉ በጋቢ ያስጠቀልላል። ሰሞኑን እንዲህ ባለ ማለዳ አራስ ልጠይቅ አንድ ቤት ገባሁ። ሕፃኑ ከተወለደ አምስት ቀኑ ነው። ራሱ ባዶ፣ እግሩ ባዶ፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ኮፍያ የለውም እንዴ?» ብል አያትየው ሳቅ ብለው፣ «ተዪው ሲስተር፣ የደጋ ልጅ አይደል? ከአሁኑ ብርዱን ይልመደው» አሉኝ።

በነርስነት ዘመኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! እኚህ እናት ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ልጅ መያዝን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ክፋት አስበው አይደለም የተናገሩት። ልጅ እንዲጠነክር መፈለግም ያለ ነው። ችግሩ «መልመድ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መቀላቀላችን ነው። አንዱ ሰው በራሱ ዕድሜ የሚያገኘው ነው። ከቆላ አገር ለሥራ አዲስ አበባ የመጣ ወጣት የመጀመሪያውን ክረምት እየተንቀጠቀጠ ያሳልፍና በሁለተኛው ይሻለዋል። ሌላው ግን ከዘር ጋር የሚወርድ ነው፤ ማንም በአንድ ዕድሜ አያገኘውም። ይህን ሁለተኛውን ከማንም በላይ የሚያሳየው ፍጥረት የሚገኘው ሩቅ፣ በምድር ደቡባዊ ጫፍ፣ በአንታርክቲካ ባሕር ውስጥ ነው። ዓሣ ነው። ትንሽ ታገሡኝ፤ ዞሬ ወደ አራስ ቤቱ መምጣቴ አይቀርም።

የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ እንደ ቧንቧ ውሃችን በዜሮ ዲግሪ በረዶ አይሆንም። ከዜሮ በታች ወደ 1.9 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በአንታርክቲካ ዳርቻ ያለው ባሕር ብዙውን ጊዜ በዚሁ አፋፍ ላይ ነው፤ ከላዩ የበረዶ ክዳን፣ በውስጡ ደግሞ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች። የዓሣ ደም ጨው አለው፣ ግን ከባሕሩ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተራ የባሕር ዓሣ ደሙ ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ በረዶ መሆን ይጀምራል። ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት የሚጠብቅ ገላ የለውም፤ የውሃው ሙቀት የእሱም ሙቀት ነው። ሂሳቡ ሲሠራ እንግዲህ በዚያ ባሕር ውስጥ ዓሣ ሊኖር አይገባም ነበር።

ደም በረዶ ሆነ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ቲማቲም ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት አውጡት። ሲቀልጥ ልፍስፍስ ይላል። በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን እየሰፋና እየሾለ ሕዋሳቱን ስለሚያፈራርሳቸው ነው። ለዓሣም እንዲሁ ነው። አንዲት የበረዶ ቅንጣት በአፉ ወይም በስንጥቡ በኩል ገብታ ማደግ ከጀመረች ገላውን ሁሉ ትይዘዋለች።

በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አርተር ዴቭሪስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ተመራማሪ በአንታርክቲካ የማክመርዶ ባሕር ወሽመጥ በረዶውን እየበሳ ዓሣ ያወጣ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ እነዚህ ለምን አይሞቱም? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1969 ከአስተማሪው ጋር አሳተመ። በደማቸው ውስጥ ስኳር የተያያዘበት ልዩ ፕሮቲን ነበር። ይህ ፕሮቲን በረዶውን አያቀልጠውም። ገና ጥቃቅን ሳለ ገጹ ላይ ይለጠፍበትና እንዳያድግ ያግደዋል እንጂ። ሾፌሮች ራዲያተር ውስጥ የሚጨምሩት ፀረ በረዶ ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገው በብዛቱ ነው፤ የዓሣው ግን በጥቂቱ ይሠራል። እንዲህ ያለ የዓሣ ፕሮቲን ዛሬ በአንዳንድ አገሮች በእርሾ እየተመረተ አይስክሬም ውስጥ ይጨመራል፤ በረዶው እንዳይሻክር። የልጅ ልጆቻችሁ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ፕሮቲኑ ከየት መጣ? ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ክርስቲና ቼንግ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ምንጩን አገኘች፤ ቆሽት! ቆሽት ሥጋና ባቄላን የመሰለ ምግብ የሚፈጭ ጭማቂ ያመነጫል። የዚያን ጭማቂ አሠራር የሚያዝዘው ዘረ መል ነው በዚያ ዓሣ ውስጥ ተለውጦ በረዶ ከልካይ የሆነው። እንዴት? ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ውሎ ዓይኑ ይደክምና አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ገልባጭ ቢያበላሸውም መጽሐፉ አይጎድልም። በዚያ ትርፍ ገጽ ላይ አንዲት አጭር ቃል በስሕተት ተደጋግማ፣ ተደጋግማ ተጻፈች። ከቆሽት ጭማቂ የተረፈችው ያች ቃል ስትደጋገም በረዶ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆና ተገኘች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የዛሬው ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ዓሣው ብርድ ስለመጣበት ፈልጎ አላመጣውም። ታግሦ፣ ጠንክሮ፣ ለምዶም አይደለም። ስሕተቱ በአጋጣሚ የደረሰው ዓሣ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ተረፈና ለልጆቹ አወረሰ። ያልደረሰው ሞተ። አንታርክቲካ በበረዶ መሸፈን ከጀመረ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ባሕሩ ቀስ እያለ ሲበርድ ያልቻሉት እየሞቱ፣ የቻሉት እየተራቡ ነው ዛሬ «ብርዱን የለመደ» የምንለው ዘር የተገኘው። ለእያንዳንዱ የተረፈ ዓሣ ስንት የሞተ እንዳለ ማን ይቆጥረዋል!

(«ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ቃል ሲነሣ ቅር የሚላችሁ አንባብያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳልስም የማላድር ሴት ነኝ። ግን የዓሣውን ደም በላቦራቶሪ ያዩት ያዩትን ነው የነገሩን፤ የፈጣሪን ሥራ በዝርዝር ማወቅም ኃጢአት ሆኖ አይታየኝም።)

በሌላው የምድር ጫፍ፣ በሰሜን ዋልታ ባሕር፣ ከእነዚህ ጋር ሩቅ ዝምድና እንጂ ቅርበት የሌለው ዓሣም አለ። እሱም በረዶ የሚከለክል ፕሮቲን አለው፤ ያውም የደቡቡን ቁርጥ የሚመስል። ነገር ግን ከቆሽት አልመጣም። ከሌላ የዘር ቦታ፣ ቀድሞ ምንም ፕሮቲን ከማይሠራበት ክፍል ነው የወጣው። ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ገዳም ተቀምጠው፣ ከተለያየ መጽሐፍ ተነሥተው፣ በየራሳቸው ስሕተት አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ እንደመድረስ ነው።

ዕድሜዬን የሰው ጣት እየወጋሁ ደም ስለካ ለኖርኩት ለእኔ ደግሞ ሌላም የሚያስደንቅ አለ። በዚያው በአንታርክቲካ ባሕር ደማቸው ቀይ ያልሆነ ዓሦች ይኖራሉ። የኖርዌዩ ዮሃን ሩድ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ እነሱ ጽፎ ዓለምን አስደነቀ። ደማቸው እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ሄሞግሎቢን የላቸውም። እኛ ሄሞግሎቢናችን ሲያንስ ፊታችን ይገረጣል፣ ደረጃ ስንወጣ ልባችን ይመታል፤ እነሱ ከነጭራሹ ሳይኖራቸው ይዋኛሉ። በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ኦክስጅኑ በደማቸው ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ ሟምቶ ይዞራል። ግን በነጻ አይደለም፤ ጉድለቱን ለመሙላት ልባቸው ትልቅ፣ የደም ሥራቸው ሰፊ፣ ደማቸውም ብዙ ሆኗል።

እንዲህ ሆነው ተሠርተው እንኳ ዋጋ ይከፍላሉ። ከእነዚያ የአንታርክቲካ ዓሦች አንዳንዶቹ ውሃው 6 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታሉ። ይህ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ወተት ብዙም የማይበልጥ ሙቀት ነው። ብርዱን የወረሰ ገላ ሙቀቱን አጥቷል።

ታዲያ እኛ ደገኞች ምን ወርሰናል? አያትየው «የደጋ ልጅ» ያሉት እኮ ከባዶ አልተነሡም። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ደም ወስዳ ለካች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ከ14 እስከ 86 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 236 ሰዎች ነበሩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆነ፤ በደማቸው የተያዘው ኦክስጅንም 95.3 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የሚገኙ ናቸው! በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ያሉ ሰዎች በዚያ ከፍታ ሲኖሩ ደማቸው ይወፍራል፤ የቲቤት ሰዎች ደማቸው ባይወፍርም ኦክስጅናቸው ያንሳል። የእኛዎቹ ሁለቱም የለባቸውም፤ ለዚህም ነው «ሦስተኛው መንገድ» ተብሎ የተጻፈላቸው።

በዚች አገር ሰው ተራራ ላይ መውጣት የጀመረው ደግሞ ትናንት አይደለም። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በሚባል የድንጋይ ዋሻ ውስጥ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱበት እንደነበር በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በዚያን ጊዜ ከበላያቸው ግግር በረዶ ነበር። ምግባቸውም በአብዛኛው የባሌው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ እሳት ላይ ጠብሰው ይበሉታል።

ግን ልብ በሉ። በአምባራስ ሰዎች ደም ውስጥ የተለካው ለሳሳው አየር ያላቸው መልስ ነው። ለብርዱ የሰጡት መልስ ደማቸው ውስጥ አልነበረም፤ ምድጃቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ፣ የጎጆአቸው ግድግዳ ላይ ነበር። የባሌዎቹም ቢሆኑ እሳት ነበራቸው። የእኛው እንጦጦ ታሪክስ? አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ነፋሱንና ብርዱን፣ የማገዶውንም ችግር አይተውታል። እቴጌይቱ ፍልውሃ ወርደው ሙቁን ውሃ ሲወዱት እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ነገሥታቱ እንኳ «እንለምደዋለን» ብለው እንጦጦ ላይ አልቀሩም።

የጉለሌ ሰው ደግሞ ለብርድ መልሱን የሚያገኘው ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የሸማኔ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ ብርድ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ሙቀት ኖሮት አይደለም። በድርብርቡ መካከል አየር ይዞ የገላችንን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክል ነው። ከርጠበ ግን አየሩ ቦታውን ለውሃ ይለቅና ጋቢው ራሱ ሙቀት መጣጭ ይሆናል። ይህን ያዙልኝ፤ ለሕፃን ዋናው ነገር ነው።

አሁን ወደ አራስ ቤቱ እንመለስ።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ሙቀቱ በእናቱ የተጠበቀ ነው። ሲወለድ ርጥብ ገላውን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ዱብ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ካልደረቀና ካልተሸፈነ በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ የገላው ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጤናማው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። ይህ ቁጥር ለአፋር ሕፃንም ለሰሜን ተራራ ሕፃንም አንድ ነው፤ የደጋ ልጅ ተብሎ የተቀነሰ የለም። ከ36.5 ሲያንስ በርዶታል እንላለን። ከ36 በታች ከወረደ አስጊ ነው፤ ከ32 በታች ከሆነ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ነው።

ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ያሞቀዋል። ጨቅላ ግን እንደዚያ አድርጎ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በምትኩ ከሁለቱ ትከሻ አጥንቶቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ቡናማ ስብ የሚባል አለው። ይህ ስብ ሥራው እየነደደ ሙቀት መስጠት ነው። ዓሣው ፕሮቲኑን እንደወረሰ የእኛም ልጅ የወረሰው ይህን ነው። ነገር ግን ስንቁ ትንሽ ነው፤ የሚጠራቀመውም በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እንግዲህ ስንቁን ሳይቋጥር መንገድ የወጣ ማለት ነው። ስቡ ሲነድ ደግሞ ኦክስጅንና ስኳር ይበላል። ስለዚህ የበረደው ሕፃን ብርዱን እየለመደ ሳይሆን ስንቁን እየጨረሰ ነው። የደሙ ስኳር ይወርዳል፤ ይደክማል፤ ሲደክም ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ካልጠባ የሚነድ ነገር ያጣል፤ ከዚያ የባሰ ይበርዳል። አያቶች «ጸጥ ያለ፣ አስቸጋሪ ያልሆነ ልጅ» ሲሉኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ እግሩን የምነካው ለዚህ ነው። ጸጥታው አንዳንድ ጊዜ ብርድ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እጃችሁ ይበቃል። በእጃችሁ ጀርባ ሆዱንና እግሩን ንኩ። ሁለቱም ሞቅ ካሉ ደኅና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሮታል፤ ዛሬውኑ አሙቁት። ሆዱም እግሩም ከቀዘቀዘ ግን አደጋ ላይ ነው። ፊቱ ቀልቷል ብላችሁ አትዘናጉ፤ በጣም የበረደው ጨቅላ ፊቱ ደም የመሰለበት ጊዜ አለ፤ ቤተሰብም «እንዴት ያለ ቀይ፣ ደስ የሚል ልጅ!» ይላል።

ሲወለድ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በደረቅ ጨርቅ መደረቅ ነው፤ ከዚያ ያ የርጠበው ጨርቅ ይጣልና ሌላ ደረቅ ይምጣ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። ባዶ ገላው በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ይተኛ፤ ከላይ ጋቢ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ። የሕፃን ራስ ከገላው አንጻር ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ማጠቡ ይቆይ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት። «ቆሻሻ ይዞ ይደር?» ለምትሉ፣ ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ መከላከያው ነው።

በሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ጭላዳዎቹን አይቷቸው ይሆናል። ሌሊቱን ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚያድሩት። ግልገሉ የት ነው? እናቱ ሆድ ላይ ተለጥፎ። ያን የሚያህል ጠጉር ያላት እናት እንኳ ልጇን ከገላዋ አትለይም።

እኛ ሰዎች ይህን እንደ አዲስ ነገር የተማርነው ከኮሎምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ ከተማ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ከእናቶቻቸው ደረት ጋር ማሰር ጀመሩ። ካንጋሮ ተባለ። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶው ሲሞቱ፣ ወዲያው ከእናት ገላ ጋር ከታሰሩት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የእናት ደረት ነው፤ መድኃኒት አይደለም፣ መብራት አይፈልግም። በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ጥናት ሞትን በሩብ እንደቀነሰ አሳየ፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን አሻሻለ። አሁን ምክሩ ያለጊዜው ወይም ከክብደት በታች ለተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው።

ከ8 እስከ 24 ሰዓት ስንል ታዲያ እናት ብቻዋን አትችለውም። አንድ ጊዜ በምሠራበት ቦታ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም በዝቶባት ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ አያትየው ማንንም አላስቸገሩም። ሕፃኑን ተቀበሉና ከቀሚሳቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስገቡት፤ ጋቢያቸውን ደርበው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ያህል አልተነሡም። ስለካው 36.8። ማንም አላስተማራቸውም። አባትም ደረት አለው፤ አክስትም አላት። የእኛ አገር አባቶች ይህን ሲነገራቸው መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ልጁ ደረታቸው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ግን መልሰው መስጠት ይከብዳቸዋል።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሕፃን በረደው ተብሎ በተዘጋ ክፍል ምድጃ ማስገባት የስንት ቤት ኀዘን ሆኗል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሄሞግሎቢናችን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ነጭ ደም ያለው ያ ዓሣ ይህ አያገኘውም፤ እኛን ግን ተኝተን ይወስደናል። ከሰሉ ደጅ ፍም ሆኖ ቢገባም ያው ነው፤ ጭሱ መጥፋቱ መርዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። አራስ በምትተኛበት ክፍል ከሰል አይግባ። ገንፎውም ቡናውም ሌላ ክፍል ይሠራ፤ ሌላ ክፍል ከሌለ በሩም መስኮቱም ይከፈት፣ ሕፃኑም እዚያው ደረት ላይ ይሙቅ።

ማለዳ ፀሐይ ማሞቁ ጥሩ ልማዳችን ነው፤ ለአጥንቱ ይበጃል። ግን በኅዳር አንድ ሰዓት ላይ ልብሱን አውልቆ በቅቤ ማሸት ፀሐይ ማሞቅ ሳይሆን ማብረድ ነው። ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ኮፍያው ራሱ ላይ እንዳለ ይሁን። ለክርስትናም ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትሄድ ልጁ ከመጀመሪያው ሳምንት ይልቅ የጠነከረ ነው፤ አትፍሩ። ሁለት ደረቅ ፎጣና ኮፍያ ያዙ፣ ከውሃው እንደወጣ አድርቁት፤ ክርስትና እናትየው ነጩን ልብስ እስክታዘጋጅ አንድ ሰው ከጋቢው ውስጥ ያስገባው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ከሆነ አስቀድማችሁ ለካህኑ ንገሩ።

ሌላው ጽንፍም አለ። ብርድ ፈርተው ሕፃኑን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው ፊቱን የሚሸፍኑ አሉ። ፊት አይሸፈንም። ደረቱና አንገቱ ካላበው በዝቶበታል፤ አንዱን አንሡለት።

አያትየው ያን ዕለት ኮፍያውን ራሳቸው ፈልገው አደረጉለት፤ በሩንም ዘጉ። እናንተም ሆዱንና እግሩን ነክታችሁ ሁለቱም ቀዝቅዘው ካገኛችሁት ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁት፣ ጋቢ ደርባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ተነሡ። ጡት እምቢ ካለ፣ ለቅሶው ከደከመ ወይም መንቃት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት፤ በመንገድም ከደረታችሁ አታውጡት።